ቲቸሩ ራሱ ክፍለ ጊዜውን ካልወደደው ልጅቷ ለምን ትውደደው?

(ለመምህራንና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው፣ ከድምፅ ቅጂው ላይ ተጽፎ። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ ከጥያቄዎቹ የተወሰኑትን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ።)

እሺ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል አይደል? ጥሩ።

ስለ ሴት ልጆችና ስፖርት ሲወራ ሁሌም የሚጀመረው ከደራርቱ ነው፣ ባርሴሎና 1992 እ.ኤ.አ.፣ ከዛ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶን፣ ከዛ ጥሩነሽ ቤጂንግ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠራርጋ፣ እና ሁላችንም እናጨበጭባለን፣ አይናችን እንባ ይሞላል፣ ከዛ በነጋታው ትምህርት ቤት እንገባና የ9ኛ ክፍል የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስናይ ወንዶቹ ኳስ ላይ ይራኮታሉ፣ ሴቶቹ ግድግዳ ጥግ ጥላ ይዘው ተደርድረዋል፣ ግማሾቹ ቱታ እንኳን አልቀየሩም። ሴቶቿ ዓለምን በሩጫ ያስደነቁባት አገር ውስጥ እኮ ነው ይሄ። ስለዚ "አርአያ ስለሌላቸው ነው" የሚለው ነገር ለኔ አይዋጥልኝም። አርአያ ሞልቷል፣ ቲቪ ላይ ነው ያለው። ግቢው ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው የጎደለው፣ ወይም ሰውዬው አለ ግን ልቡ የለም።

እኛ ብቻ አይደለንም ደግሞ። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች የ146 አገሮች መረጃ ሰብስበው ነበር፣ የ2016 እ.ኤ.አ. መረጃ ነው፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ሴት ልጆች ውስጥ 85 ፐርሰንቱ በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም፣ ወንዶቹ ደግሞ 78። በቂ የሚባለው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ ወይም ትንፋሽ የሚያፈጥን ነገር ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ላንሳ፣ ገጠር ያለች ልጅ ውሃ ቀድታ እንጨት ለቅማ እህቷን አዝላ ነው የምትውለው፣ እሷን "አትንቀሳቀስም" ማለት ሊያስቅ ይችላል። ትንቀሳቀሳለች። ግን ያ ሥራ ነው፣ ለቤቱ ነው። ለራሷ ብላ፣ ደስ ብሏት፣ ሰውነቷ ምን እንደሚችል ለማየት ብላ የምትሮጥበት ሰዓት ያለው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሱም በሳምንት አንድ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው፣ እሱንም ቁጭ ብላ ካሳለፈችው አለቀ።

አሁን ጥያቄው እንዴት ነው ሚጠየቀው? "ልጆቹ ለምን ሰነፉ?" ተብሎ ነው። ስታፍ ሩም ውስጥ ሻይ እየጠጣን ስንት ጊዜ ብለነዋል፣ የዛሬ ሴት ልጆች ሞባይል እንጂ ስፖርት አይወዱም ምናምን። እኔ ደግሞ ዛሬ ጥያቄውን ወደ እኛ ላዞረው ነው የመጣሁት። ፊሽካ የያዘው ሰው ራሱ እዛ ሜዳ ላይ ለምን ቆመ? ልጆቹ ይሄንን ያነባሉ። ከምታስቡት በላይ ነው የሚያነቡት።

እስኪ ወደ ኋላ እንሂድ። የ4ኛ የ5ኛ ክፍል ሴቶችን በረፍት ሰዓት አይታችኋል? ሱዚ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፣ ፔፕሲ ሲጫወቱ ደግሞ ከኳሷ ለማምለጥ ያላቸው ፍጥነት ሌላ ነው፣ ደውል ተደውሎ እንኳን አይገቡም፣ አስተማሪ በልምጭ እያባረረ ነው የሚያስገባቸው። ሱዚው ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ጉልበት፣ ከዛ ወገብ፣ ከዛ ብብት ይደርሳል፣ እዛ ላይ የምትዘል ልጅ እኮ ስፖርተኛ ናት፣ ማንም ስፖርተኛ ብሎ አልጠራትም እንጂ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ማርክ የለውም። ከዛ 7ኛ 8ኛ ክፍል ላይ ፀጥ ይላል። ሰውነት ይለወጣል፣ ጡት ያወጣሉ፣ ፔሬድ ይመጣል፣ ወንዶቹ ማየት ይጀምራሉ፣ እናት "አሁን ትልቅ ሴት ሆነሻል እግርሽን ሰብስቢ" ትላለች። ልክ በዛ ዕድሜ ላይ ነው እንግዲህ የስፖርት ቲቸር የሚባል ሰው በቋሚነት ወደ ህይወቷ የሚገባው። ጊዜው የከፋ ነው፣ ወይም ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ እንደ ሰውየው።

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሁሉም ነገር ሰው ፊት ነው። ሒሳብ ካልገባሽ ደብተርሽ ላይ ነው የምትሳሳቺው፣ ቢበዛ ጎንሽ ያለችው ታያለች። ቮሊቦል መምታት ካቃተሽ ግን 60 ልጅ ነው ሚያይሽ። ስለዚህ ልጅቷ ሜዳ ከመግባቷ በፊት የምታሰላው ነገር አለ፣ ቢስቁብኝ ይሄ ሰውዬ ምን ያደርጋል? ያስቆማቸዋል ወይስ አብሮ ይስቃል? ስሜን ያውቀዋል ወይስ "አንቺ ወፍራሟ" ነው የሚለኝ? መልሱን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ታገኘዋለች፣ ከዛ በኋላ "ቲቸር አሞኛል" ትጀምራለች፣ እኛም "እሺ ቁጭ በይ" እንላለን፣ ምክንያቱም ለኛም ይቀለናል። ሁለታችንም ተመቸን ማለት ነው። እዛ ግድግዳ ጥግ ያለው ነገር ስንፍና ሳይሆን ስምምነት ነው፣ ቲቸሩም የፈረመበት።

አንድ ጥናት ልንገራችሁ፣ በጣም የምወደው። ራደል የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ አዲስ ነገር አስተማሯቸው፣ ትምህርቱ ለሁሉም አንድ አይነት ነው፣ ቀድሞ የተዘጋጀ። ልዩነቱ ምንድነው፣ ለአንዱ ቡድን "ይሄ አስተማሪ ተከፍሎት ነው የመጣው" ተባለ፣ ለሌላው "ወዶ ነው፣ በነፃ ነው" ተባለ። በቃ ይሄው ነው። ከዛ ትምህርቱ አልቆ "አሁን የፈለጋችሁትን አድርጉ" ሲባሉ "ተከፍሎት ነው" የተባሉት ልጆች ፍላጎታቸው ያነሰ ነበር፣ ቶሎም ተዉት። ይሄ ሳያንስ እነዚሁ ልጆች ዞረው ለሌሎች ተማሪዎች ሲያስተምሩ የነዛም ፍላጎት ወረደ። ማለትም ነገሩ እንደ ጉንፋን ተላለፈ። (እዚህ ጋ ዳይሬክተሮች አላችሁ አይደል፣ "ለስፖርት መምህር አትክፈሉ" አልወጣኝም፣ በዚህ እንዳትመጡብን! ደመወዙ እንደሆነ የሚታወቅ ነው።) ነጥቡ ብሩ አይደለም፣ ልጆቹ "ይሄ ሰው ለምንድነው እዚህ ያለው?" ብለው የሚያምኑት ነገር ነው። ሰውየው ቃል በቃል ተመሳሳይ ነገር እያስተማረ እንኳን "እሱም ተገዶ ነው" ብለው ካሰቡ ነገሩ ራሱ አስጠላቸው።

አሁን እኛ ጋ እናምጣው። ማንም "ተከፍሎት ነው" ብሎ አይነግራቸውም፣ እኛው ነን የምንነግራቸው፣ በአካላችን። አርፍዶ ስልክ እያየ የሚመጣ፣ ቱታ ያልለበሰ፣ ሸሚዝና ቆዳ ጫማ አድርጎ "ሁለት ዙር ሩጡ" የሚል፣ ኳሷን ለወንዶች ወርውሮ ዛፍ ስር የሚቀመጥ፣ ሰዓቱን አስር ጊዜ የሚያይ። ልጅቷ የሥነ ልቦና ዲግሪ አያስፈልጋትም። እሱ ራሱ እዚህ መሆን እንደማይፈልግ ገብቷታል፣ ታዲያ እሷ ከሱ በላይ ለምን ትፈልግ?

ዴሲና ራያን የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስቶች አሉ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለ ሞቲቬሽን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፣ ሐሳባቸውን በኔ አማርኛ ላቅርበው፣ ሰው አንድን ነገር ከልቡ የሚያደርገው "የራሴ ምርጫ ነው" ሲል፣ "እችላለሁ" ሲል፣ "እዚህ ቦታ የኔ ሰዎች አሉ" ሲል ነው። ለተማሪም ለአስተማሪም እኩል ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው የሚረሳው "ለአስተማሪም" የሚለውን ነው። ምርጫ ያልተሰጠው ሰው ምርጫ ሲሰጥ አላየሁም ማለት ይቻላል። ሲታዘዝ የኖረ ያዛል።

እና የስፖርት መምህሩን ታሪክ ተመልከቱት እስኪ። ብዙዎቻችን እንዴት ገባንበት? ፎርም ላይ ስንት ምርጫ ሞላን፣ ምደባ ወጣ፣ ስፖርት ሳይንስ ደረሰን። አልቅሶ የገባ አለ፣ አውቃለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ወዶት የገባም አለ፣ እሱም ቢሆን ተመርቆ ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚቀበለው ነገር አለ። "አንተ ምን አለብህ ኳስ መወርወር ነው" ይሉታል የፊዚክስ መምህሩ። ክፍለ ጊዜውን ያለማስጠንቀቂያ ለሒሳብ ሜካፕ ይወስዱበታል፣ ማትሪክ ላይ የማይመጣ ትምህርት ስለሆነ ማንም አይጮህም። ፕሮግራም ሲወጣ የሱ ክፍለ ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው የሚመደበው። ኳስ ሲጠይቅ ስቶር ኪፐሩ የለም፣ ስቶር ኪፐሩ ሲገኝ ቁልፉ የለም። ሜዳው ላይ የሰንደቅ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ወይ የግንባታ አሸዋ ተደፍቶበታል። ዓመቱን ሙሉ ሱፐርቪዥን የመጣ ሰው ሜዳ ድረስ ወርዶ አይቶት አያውቅም፣ የሚያየው የትምህርት ዕቅዱን ወረቀት ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው "ሞቲቬትድ ሁን" ይባላል።

ካናዳ ውስጥ ፔሌቲየርና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ፣ በስፖርት መምህር ብቻ የተወሰነ አይደለም፣ አስተማሪ ከላይም ከታችም ነው የሚጫነው ይላል። ከላይ አለቃና ካሪኩለም፣ ከታች ደግሞ የተማሪው ፍላጎት ማጣት። ጫናው ሲበዛ የራሱ ፍላጎት ይሞታል፣ ፍላጎቱ ሲሞት ደግሞ ተቆጣጣሪ ይሆናል፣ ያዛል፣ ይቀጣል፣ ያስፈራራል። ይሄንን ሳነብ እኛ ግቢ ታየኝ። ሴቶቹ ስለተቀመጡ እሱ ሞራሉ ወደቀ፣ ሞራሉ ስለወደቀ ይጮህባቸዋል ወይ ይተዋቸዋል፣ ስለዚህ ይቀመጣሉ። ማን ጀመረው ብሎ መጨቃጨቅ አይጠቅምም፣ ግን ማን መስበር ይችላል ካላችሁኝ የ14 ዓመቷ ልጅ አይደለችም። ደመወዝተኛው አዋቂ ሰውዬና ከሱ በላይ ያለው ዳይሬክተር ናቸው።

አንድ ምሳሌ ስጪን ካላችሁ፣ በቆጂን ታውቋታላችሁ፣ አርሲ። ስንታየሁ እሸቱ እዛ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ከዛ አሰልጣኝ ሆነ፣ ደራርቱ በሱ እጅ ነው ያለፈችው፣ ፋጡማም፣ ጥሩነሽም፣ ቀነኒሳም። ሰው ይሄንን ታሪክ ሲሰማ የሚይዘው ሜዳሊያውን ነው። እኔ ደግሞ ሌላውን ነው የማየው፣ በነዛ ዓመታት ሁሉ ሰውየው ፊት ከቆሙት ልጆች አብዛኞቹ ምንም አላሸነፉም እኮ! ስማቸውን ማንም አያውቀውም። ዛሬ አስተማሪ ናቸው፣ ነጋዴ ናቸው፣ እናት ናቸው። ግን ሮጠዋል። አንድ ሰው በጠዋት ተነስቶ ጠብቋቸዋል። ደግሞ እሱም እንደኛው የስፖርት መምህር ነበር እኮ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አልነበረም። በርግጥ የበቆጂን ነገር በአንድ ሰው ብቻ ማስረዳት አይቻልም፣ ከፍታው አለ፣ የአካባቢው የሩጫ ባህል አለ፣ እሱን አልክድም። ግን ከፍታ ብቻውን ፊሽካ አይነፋም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልፅ ልናገር፣ ደስ የማይል ነገር ቢሆንም። "ሞቲቬትድ አስተማሪ" ስል ሴት ተማሪ ጋ የሚጠጋ፣ ካልያዝኩሽ አትማሪም የሚል፣ ስትሬቺንግ ላይ እጁ የሚበዛ ማለቴ አይደለም። ያንን ልጆቹ ቶሎ ያውቁታል፣ እርስ በርስም ይነጋገራሉ፣ ብዙ ልጆች ከስፖርት የሚቀሩት ከኳሷ ሸሽተው ሳይሆን ከሰውየው ሸሽተው ነው። ዳይሬክተር ሆናችሁ አንድ ሙሉ ክፍል ሴቶች "ታመናል" ካሉ መጀመሪያ ይሄንን ጠይቁ፣ ልጆቹን ሳይሆን ሰውየውን ጠርጥሩ። እንቅስቃሴውን ለማሳየት የግድ መንካት አያስፈልግም፣ ራስህ ሠርተህ አሳይ፣ ወይ የምትችል ልጅ ታሳይ።

ታዲያ ልቡ ያለ መምህር ምን የተለየ ያደርጋል? ትልቅ ነገር አይደለም። ስም ያውቃል። ቱታ ለብሶ አብሮ ያሟሙቃል። ሁለት ጎበዝ ወንዶች ቡድን እንዲመርጡ አያደርግም፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ሳትመረጥ የቀረችው ልጅ ሁሌም አንድ አይነት ልጅ ናት። ሁለት ሦስት አማራጭ ያቀርባል፣ ገመድ ዝላይ የፈለገ እዚህ፣ ቮሊቦል እዛ፣ አይሮቢክስ በሙዚቃ እዛ ጋ። እስክስታ ለአስር ደቂቃ ያለ እረፍት ተመቶ ያውቃል? ትንፋሽ ነው የሚያሳጣው፣ እሱም ስፖርት ነው። ማርክ ሲሰጥ ደግሞ ከጓደኛዋ ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር ነው የሚያወዳድራት፣ መስከረም ላይ ስንት ደቂቃ ሳትቆም ሮጠች፣ ጥር ላይስ? አንድ ዙር መጨረስ ያቃታት ልጅ አራት ዙር ከሮጠች እሷ ናት ኤ ማግኘት ያለባት፣ ተፈጥሮ ያደላት ልጅ እየተኛች የምታመጣውን ውጤት እያየን ማርክ ስንሰጥ የምንሸልመው ተፈጥሮዋን ነው፣ ስፖርትን አይደለም።

ሂጃብ ላይም እንዲሁ። "አውልቂና ተጫወቺ" የሚል አሁንም አለ። ፊፋ ራሱ 2014 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል፣ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2017። ዓለም ዋንጫ ላይ የተፈቀደ ነገር አንተ ግቢ ውስጥ የምትከለክለው ምን ሆነህ ነው? አጥብቃ ታስረው፣ መርፌ ቁልፍ እንዳይኖረው ብቻ እይላት፣ በቃ።

እሺ ጥያቄዎች።

አንድ አባት ናቸው የጠየቁት፣ "ልጄ ማትሪክ አለባት፣ ስፖርት ጊዜ ያባክንባታል፣ ደግሞ ለሴት ልጅ ክብሯ..." ብለው አልጨረሱትም፣ እኔ ልጨርሰው ጋሼ፣ እዚህ ያለነው ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች ነን። ድንግልና ሊሉኝ ነው። ሩጫና ዝላይ የሴትን ልጅ ክብር አይወስድም፣ የድንግልና ምልክት የሚባለው ያ ቀጭን ሥጋም ቢሆን ከሰው ሰው ይለያያል፣ እሱን አይቶ ስለ ልጅቷ ምንም ማወቅ እንደማይቻል የዓለም ጤና ድርጅት 2018 እ.ኤ.አ. ላይ በግልፅ ተናግሮ የድንግልና ምርመራው ራሱ እንዲቆም ጠይቋል። ስለዚ በዚህ ምክንያት ልጅዎትን አያስቀምጧት። ማትሪኩን በተመለከተ፣ በሳምንት አርባ ደቂቃ የወጣባት ልጅ በዛች አርባ ደቂቃ ምክንያት አትወድቅም፣ ሙሉ ቀን ተቀምጣ የምትደርቀው ናት ማታ ደብተር ላይ እንቅልፍ የሚጥላት።

አንድ ወጣት መምህር ደግሞ፣ "እኔ ወንድ ነኝ፣ ስለ ፔሬድ እንዴት ነው የማወራው፣ ስም ይወጣልኛል" አለ። ልክ ነህ፣ ይከብዳል። ብዙ ማውራት አያስፈልግህም ወንድሜ። ዓመቱ ሲጀመር አንዴ ለሁሉም፣ ወንዶቹም ባሉበት፣ "ያልተመቻት ቀን ላይ ያለች ልጅ ምክንያት ሳታብራራ ቀለል ያለውን መሥራት ትችላለች፣ ማርክ አይቀነስም" በል፣ በቃ። ፔሬድ ላይ መንቀሳቀስ ጉዳት የለውም፣ ለብዙዎቹ እንደውም ቁርጠቱን ያቀልላቸዋል፣ ግን ምርጫው የሷ ይሁን። ከሴት መምህራን አንዷን አነጋግረህ ሞዴስ ቢሮዋ ይቀመጥ፣ ልጆቹ የት እንዳለ ይወቁ። ሴት መምህር መሆን ብቻውንም መፍትሄ አይደለም ደግሞ፣ ከወንዶቹ የባሰ የምታሸማቅቅ ሴት ቲቸር አይተናል።

የመጨረሻው፣ "65 ተማሪ አለኝ፣ ያለኝ ኳስ አንድ ነው፣ ሞቲቬሽን ከየት ላምጣ?" አንቺን ነው የምፈልገው፣ ቆይ ነይ። በመጀመሪያ ዳይሬክተርሽ እዚህ አዳራሽ ካለ ይስማ፣ አንድ ኳስ ለ65 ልጅ የሚያስረክብ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለኝ ማለት የለበትም። እስከዛው ግን እንዲህ ሞክሪው። ሜዳውን በኖራ ወይ በአመድ አምስት ቦታ ክፈይው፣ እያንዳንዱ ጋ አስራ ሦስት ልጅ፣ ሴትና ወንድ ተቀላቅሎ። አንዱ ቦታ ኳሷ፣ አንዱ ገመድ፣ ገመድ መርካቶ በሜትር ቆርጠሽ ታመጫለሽ፣ አንዱ በካልሲ ኳስ ፔፕሲ፣ አዎ ፔፕሲ፣ አትሳቁ፣ ወንዶቹም ይወዱታል፣ አንዱ ሱዚ፣ አንዱ ሲት አፕና ስትሬቺንግ። በየስድስት ደቂቃው ፊሽካ ትነፊና ይዞራሉ። በየቦታው አንድ ሊደር ይኑር፣ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ፣ በየሳምንቱም ይቀየሩ፣ ዝም የምትለዋን ልጅ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አድርጊያት፣ መጀመሪያ ላይ አታስደንግጫት። የመጀመሪያው ቀን ትርምስ ነው የሚሆነው፣ አቧራ በአቧራ፣ ድምፅሽ ይዘጋል፣ ዩኒት ሊደሩም መጥቶ "ምንድነው ይሄ ጫጫታ" ይልሻል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መዞሩን ራሳቸው ያውቁታል። አንቺ ደግሞ መሀል ላይ ቆመሽ ፊሽካ ብቻ አትንፊ፣ በየዙሩ አንዱ ቡድን ውስጥ ገብተሽ አብረሽ ዝለይ።